የወሰን መለዋወጥና የአገር ልጅነት



 ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ የአገር ግዛት ሹማምንትን እንጂ መምህራንን የማይመለከት መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከእኛው ጠረጴዛ ላይ የሚጀምር ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አዲስ ተማሪ በመዝገብ ስናገባ፥ ስሙንና ዕድሜውን ከጠየቅነው በኋላ «አገርህ የት ነው?» እንለዋለን። ልጁ ይመልሳል፤ እኛም እንጽፋለን። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህች አንዲት መስመር ነው። ልጁ «አገሬ» የሚለው ስምና መንግሥት በካርታው ላይ ያሰፈረው ስም የተለያዩ እንደ ሆነ፥ መምህሩ የትኛውን ይጻፍ? በክፍሉ ውስጥስ ስለ ሁለቱ ምን ብሎ ያስተምር?

ዋናውን ምሳሌ የማመጣው ከጎረቤታችን ከደቡብ ሱዳን ነው። ይህን ያደረግሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ በዚያ አገር የአስተዳደር ወሰን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ስለ ተለዋወጠ፥ ነገሩ ጎልቶ ይታያል። ሁለተኛው፥ የራስን ጉዳይ ሲነኩት የሚያም እንደ ሆነ፥ በጎረቤት ጉዳይ በኩል አድርጎ መመልከት ልብን ያረጋጋል። ስለዚያ አገር ስናገር ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ስለ አገራችን ስናገር ግን በራሳችን ዓመተ ምሕረት እጠቅሳለሁ።

ከጁባ ከተማ በስተ ደቡብ፥ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር፥ ሎሎጎ የሚባል ሰፈር አለ። ምድሩ ከጥንት የባሪ ሕዝብ አገር ነው። ባሪዎች ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ማዶ እያረሱና ከብት እያረቡ የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ቋንቋቸውንም ፖጁሉ፥ ኩኩ፥ ካክዋ፥ ኛንግዋራና ሙንዳሪ የሚባሉት ዘመዶቻቸው በየራሳቸው አነጋገር ይናገሩታል። በዚያ አገር ሥርዓት ከላይ ግዛት፥ ከግዛት በታች ካውንቲ፥ ከካውንቲ በታች ፓያም፥ ከፓያም በታች ቦማ አለ። ካውንቲው የቀድሞውን አውራጃችንን፥ ፓያሙ ወረዳን፥ ቦማው ቀበሌን ይመስላል ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

እንግዲህ በ2010 በሎሎጎ የተወለደ አንድ ልጅ በሐሳባችን እንመልከት። በተወለደ ጊዜ አገሩ ሱዳን፥ ግዛቱም ማዕከላዊ ኤኳቶሪያ ነበረ። ጁላይ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት ስትሆን፥ እርሱ ገና በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ የአገሩ ስም ተለወጠ። በ2015 መጨረሻ አሥሩ ግዛቶች 28 ሲሆኑ ማዕከላዊ ኤኳቶሪያ ለሦስት ተከፈለችና፥ ልጁ ጁቤክ የሚባል አዲስ ግዛት ተወላጅ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2020 አሥሩ ግዛቶች ሲመለሱ ደግሞ እርሱም ወደ ማዕከላዊ ኤኳቶሪያ ተመለሰ። እንዲህ ሆኖ በአሥር ዓመት ዕድሜው ውስጥ አድራሻው ሦስት ጊዜ ተለወጠ። ነገር ግን ቤቱ ከተሠራበት አልተነቀለም፤ እናቱ ውሃ የምትቀዳበት መንገድም አልተዛወረም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፥ በተወለደበት መንደር ተቀምጦ አገሩን ከወረቀት ላይ የሚፈልግ ልጅ ማለት ይህ ነው።

የቅድመ አያቶቹን ታሪክ ብንጠይቅ ደግሞ ነገሩ ይረዝማል። በ1871 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ለግብፁ ገዢ ለኬዲቭ እስማኤል አድሮ መጥቶ፥ ከዛሬዪቱ ጁባ አጠገብ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳር በምትገኘው በጎንዶኮሮ የግብፅን ሰንደቅ ዓላማ ተከለና አገሩን ኤኳቶሪያ አለው። ከዚያ በኋላ ማህዲስቶች መጡ። በ1894 እንግሊዝ ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያለውን አገር ለቤልጅግ ንጉሥ ለዳግማዊ ሌዮፖልድ አከራየች፤ ያም ላዶ ተባለ። በ1897 የንጉሡ ጦር ከሎሎጎ በስተ ደቡብ ባለችው በረጃፍ ማህዲስቶችን ድል አድርጎ አገሩን በእጁ አገባ። በዚያው ዘመን በስተ ምሥራቅ ያለው ዳር፥ ጎንዶኮሮ ጭምር፥ ከእንግሊዙ ከኡጋንዳ ግዛት ጋር ተቈጥሮ ነበረ። ስለዚህ አንድ የባሪ ሰው አክስቱን ለመጠየቅ በታንኳ ወንዙን ሲሻገር፥ ከቤልጅግ ንጉሥ አገር ወጥቶ እንግሊዝ ወደምታስተዳድረው አገር መግባቱ ነው። ሰውዬው ግን የሄደው ወደ አክስቱ ቤት ነው።

ንጉሥ ሌዮፖልድ በ1909 መጨረሻ ሲሞት፥ በውሉ መሠረት ላዶ በ1910 ወደ ሱዳን ተመለሰና በሞንጋላ ክፍለ ሀገር ሥር ሆነ። በ1914 ሱዳንና ኡጋንዳ መሬት ተለዋወጡ፤ የቀድሞው ላዶ ደቡባዊ ክፍል ወደ ኡጋንዳ፥ ጎንዶኮሮና ኒሙሌ ደግሞ ወደ ሱዳን ገቡ። የካክዋ ሕዝብ ዛሬ በደቡብ ሱዳን፥ በኡጋንዳና በኮንጎ ተከፋፍሎ መገኘቱ እንዲህ ካለው የወሰን ሥራ የመጣ ነው። ጁባ የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ የሆነችው በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነው። በ1936 ሞንጋላና ባሕር ኤል ጋዛል ተቀላቅለው ኤኳቶሪያ ተባሉ፤ በ1948 ባሕር ኤል ጋዛል ተመልሶ ለብቻው ቆመ። በ1976 ኤኳቶሪያ ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ተከፈለች፤ በ1983 ተመልሳ አንዲት ሆነች፤ በ1994 ሎሎጎ የምትገኝበት ክፍል ባሕር ኤል ጀበል የሚባል ግዛት ሆነ፤ በ2005 ይኸው ግዛት ማዕከላዊ ኤኳቶሪያ ተባለ። የቀረውን ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

ይህን ሁሉ ዓመት የቈጠርሁት እናንተን ለማድከም አይደለም፤ ለተማሪ የሚከብደውን ለመምህሩም ለማሳየት ነው። ነገር ግን የወሰን መለዋወጥ የስም መለዋወጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ሁለት ጊዜ የደረሰውን ጠለቅ አድርገን እንመልከት።

የመጀመሪያው ኮኮራ የሚባለው ነው። ቃሉ የባሪ ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው መከፋፈል ማለት ነው። በ1972 በአዲስ አበባ፥ በዚህችው በከተማችን፥ የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ አርበኞች ባደረጉት ስምምነት መሠረት ደቡብ ሱዳን አንድ የራስ አስተዳደር ክልል ሆና መቀመጫዋም ጁባ ነበረች። ዓመታት ሲያልፉ ግን በኤኳቶሪያ ሰዎች ዘንድ፥ ሥራውንና ሹመቱን ቍጥራቸው የሚበልጥ ሌሎች ያዙብን የሚል ቅሬታ ተነሣ። ክልሉ ይከፈል ብለው ከተከራከሩት ዋነኛው ስምምነቱን ከፈረሙት አንዱ የነበሩት ጄኔራል ጆሴፍ ላጉ ነበሩ። የማይስማሙት ደግሞ፥ አንድነታችን ከፈረሰ ኃይላችን ይጠፋል፤ ስምምነቱም ይጣሳል አሉ። በጁን 1983 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በትእዛዝ ክልሉን ለሦስት ከፈሉት። በዚህም ምክንያት ከሌላ ክፍል መጥተው በጁባ ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ሠራተኞች ዕቃቸውን ሸክፈው ወደየተወለዱበት ክፍል እንዲሄዱ ተገደዱ። ከመካከላቸው መምህራን እንደ ነበሩበት ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ የመንግሥት ሠራተኛ በተባለበት ሁሉ መምህር አለና። በዚያው ዓመት የጀመረው ጦርነት እስከ 2005 ቆየ። ጦርነቱን ያመጣው መከፋፈሉ ብቻ ነው አልልም፤ ሌሎች ታላላቅ ምክንያቶች ነበሩ። ነገር ግን ኮኮራ የሚለው ቃል ዛሬም በጁባ ሲነገር፥ ለአንዱ የመብት፥ ለሌላው የመባረር ስም ሆኖ ይሰማል። አንድ ቃል በሁለት ጎረቤቶች ጆሮ እንዲህ ተለያይቶ ከተሰማ፥ ወሰኑ ከካርታ አልፎ ልብ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው የ2015ቱ ነው። በኦገስት 2015 የተፈረመው የሰላም ስምምነት አሥሩን ግዛቶች መሠረት ያደረገ ነበር። በኦክቶበር ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ግዛቶቹ 28 እንዲሆኑ አዘዙ፤ በጃኑዋሪ 2017 ደግሞ ቍጥራቸው 32 ሆነ። የደገፉት ሰዎች መንግሥት ወደ ሕዝቡ ቀረበልን አሉ፤ እውነትም ብዙ ሕዝብ የራሱን ስም በግዛት ስም ላይ አይቶ ተደስቷል። የተቃወሙት ግን መሬታችን ለሌላ ተሰጠ አሉ። በማላካል ከተማ ሽሉኮች ከተማው የእኛ ነው ሲሉ፥ አዲሱ አከፋፈል ከተማዋን ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ካለው ከዲንካዎች ክፍል ጋር አደረጋት። በፌብሩዋሪ 2016 በማላካል በተባበሩት መንግሥታት ጥበቃ ሥር በተጠለሉ ስደተኞች ሰፈር ውስጥ ጥቃት ደርሶ ከ25 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። የግዛቶቹ ቍጥር ነገር ከዚያ በኋላ በተደረገው የሰላም ድርድር ሁሉ መሰናክል ሆኖ ቆየ፤ በመጨረሻም ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2020 ወደ አሥር ግዛቶችና ወደ ሦስት የአስተዳደር ክልሎች፥ ማለት ፒቦር፥ ሩዌንግና አብዬ፥ ተመለሰ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የአንድነቱ መንግሥት ተቋቋመ። ሥልጣን ለመካፈል የተቀመጡ ሰዎች በመጀመሪያ መስማማት የነበረባቸው በመሥመር ቍጥር ላይ ነበር።

ከዚህ ሁሉ መለዋወጥ መካከል ያልተለወጠው ምንድን ነው? ይህን ለመመለስ ወደ ሎሎጎ እንመለስ።

በሎሎጎ በኩል ዓባይን የሚሻገር ትልቅ ድልድይ አለ። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ፥ ርዝመቱ 560 ሜትር የሆነ፥ የነጻነት ድልድይ የተባለ ነው። ሥራው በ2013 ሲጀመር ቦታው ማዕከላዊ ኤኳቶሪያ ነበረ። በ2013 መጨረሻና በ2016 በተነሣው ጦርነት ምክንያት ሥራው ሲቋረጥ፥ በዚህም መካከል የግዛቱ ስም ጁቤክ ሆኖ ነበር። በሜይ 2022 ሲመረቅ ተመልሶ ማዕከላዊ ኤኳቶሪያ ሆኖ ተገኘ። ድልድዩ የሚያገናኛቸው ሁለት ዳሮች ግን ያ የባሪው ሰው በታንኳ ወደ አክስቱ የሚሻገርባቸው ሁለት ዳሮች ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት በካርታ ላይ የሁለት መንግሥታት ወሰን የነበረው ወንዝ፥ ዛሬ የአንድ ከተማ መንገድ አልፎበታል። ካርታ ሠሪ ወንዝን ሲያይ መለያ ያገኘ ይመስለዋል፤ በዳሩ የሚኖረው ሰው ግን ዓሣውን፥ መሻገሪያውን፥ የልጆቹን መዋኛ ያያል።

በእኛም ቋንቋ ይህ ነገር ተመዝግቦ ይገኛል። በስደት አገር ሁለት ኢትዮጵያውያን ሲገናኙ «ያገሬ ልጅ» ይባባላሉ፤ ይበልጥ ሲቀራረቡ «የወንዜ ልጅ» ይባባላሉ። «ያውራጃዬ ልጅ» ወይም «የዞኔ ልጅ» ሲል የሰማሁት ሰው የለም። በጁባ ራሷ በሆቴልና በንግድ ሥራ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። አንዱ አንዱን «የት አገር ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው የሚሰማው መልስ ጎጃም፥ መንዝ፥ ላስታ፥ የጁ የሚል ነው እንጂ፥ የአስተዳደር ቍጥር አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንግባ። በ1934 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ አገራችን በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃ፥ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለች። ከጊዜ በኋላ ጠቅላይ ግዛቶቹ 14 ሆኑ። ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ጠቅላይ ግዛት መባሉ ቀርቶ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ቤጌምድርና ስሜን የነበረውም ጎንደር ተባለ። በ1980 ዓ.ም. አምስት ራስ ገዝ ጭምር ወደ 30 የሚሆኑ አስተዳደሮች ተደነገጉ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ 14 ክልሎች ተቋቁመው በቍጥር ተጠሩ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዘጠኝ ክልሎች ሆኑ። ከዚያም ሲዳማ በ2012፥ ደቡብ ምዕራብ በ2014፥ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. በየራሳቸው ቆመው ዛሬ የክልሎች ቍጥር 12 ነው። በሰባና በሰማንያ ዓመት ዕድሜ ላይ ያለ አንድ ሽማግሌ ከዚህ ለውጥ የሚበዛውን ከአንድ ቤት ሳይወጣ አይቶታል።

ነገር ግን ስሞቹ ምን ሆኑ? መንዝ ድሮ ገራ፥ ማማና ላሎ ተብሎ በሦስት ይጠራ ነበር። በጠቅላይ ግዛቱ ዘመን መንዝና ግሼ የሚባል አውራጃ ነበረ፤ አውራጃው ፈረሰ። ዛሬ የሰሜን ሸዋን ወረዳዎች ስም ብታነቡ መንዝ ገራ ምድር፥ መንዝ ማማ ምድር፥ መንዝ ላሎ ምድር የሚል ታገኛላችሁ። አውራጃው ሲሻር የአገሩ ስም በወረዳው በኩል ተመልሶ ገባ። ጎጃምን ደግሞ ተመልከቱ። ደብረ ማርቆስ፥ ሞጣ፥ ቢቸና፥ ቆላ ደጋ ዳሞት፥ አገው ምድር፥ ባሕር ዳርና መተከል የሚባሉ ሰባት አውራጃዎች ነበሩት። ዛሬ ጎጃም የሚል አንድ ግዛት በካርታ ላይ የለም፤ መተከልም በሌላ ክልል ነው። ሆኖም ጎጃም አልጠፋም፤ ዞኖቹ እንኳ ምሥራቅ ጎጃም፥ ምዕራብ ጎጃም እየተባሉ በአባታቸው ስም ይጠራሉ። ቤጌምድር ከመንግሥት መዝገብ ከተፋቀ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሽማግሎች አንደበት ግን ዛሬም አለ። ክልሎች በቍጥር በተጠሩበት ዘመን «ክልል ሦስት» የሚለው ቃል በደብዳቤ ራስጌ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ ነገር ግን ለዚያ ቍጥር የናፈቀ ሰው አላጋጠመኝም።

እኔም በራሴ ላይ የደረሰውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በወጣትነቴ የተሰጠኝ የትምህርት ምስክር ወረቀት የተወለድሁበትን አውራጃ ስም ይዞ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ባቀርበው፥ ጸሓፊው ስሙን በዝርዝሩ ላይ ፈልጎ አጣውና «እንዲህ የሚባል ቦታ የለም» አለኝ። እኔ በፊቱ ቆሜ ነበር። ከተመላለስሁ በኋላ ነገሩ ተቃና፤ ቃሉ ግን አልተረሳኝም። ጸሓፊውን አልወቅሰውም፤ የተሰጠው ዝርዝር ይህን ብቻ ነበርና። ከእርሱ ይልቅ ራሴን ጠየቅሁ፦ እኔ ራሴ በመምህርነቴ ለስንት ልጆች እንዲህ ያለ ጎደሎ መስመር ጽፌላቸው ይሆን?

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት፥ ወሰን ይለዋወጣል፥ የአገር ስም ግን ይጸናል የሚል ነው። በዚህ ብቻ ብፈጽም ደስ የሚያሰኝ ንግግር ይሆን ነበር፤ ነገር ግን እውነቱ ግማሽ ይሆናል። የአገር ልጅነት ፍቅር የሆነውን ያህል መሣሪያም ይሆናል። «ይህ የአባቶቼ መንደር ነው» የሚለው ቃል መልካም ነው፤ «ስለዚህ አንተ ውጣ» የሚለው ሲቀጠልበት ግን ቃሉ ተለወጠ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ፥ ለብዙ ዘመን ተዋልደውና ተገበያይተው በኖሩ ሕዝቦች መካከል በተነሣው ግጭት፥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቶቻችን በሌላም ጊዜ እንደ ሆነው ሁሉ የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። በዚያ ጊዜ በጥቍር ሰሌዳው ሥር የተኙት ሕፃናት ወሰን ምን እንደ ሆነ ከመምህር አልተማሩም፤ በጀርባቸው ተሸክመው ዐወቁት።

ሎሎጎም ይህን ሁለተኛውን ትምህርት ታስተምራለች። በነጻነቱ ዋዜማና ማግስት ከሰሜን ሱዳን የተመለሱ ብዙ ሰዎች በሎሎጎ በኩል ዐርፈዋል። ከእነርሱ መካከል በካርቱም የተወለዱ፥ ዐረብኛ ብቻ የሚናገሩ፥ የአባታቸውን መንደር ዐይተው የማያውቁ ልጆች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ልጅ «አገርህ የት ነው?» ብንለው ምን ይመልሳል? አባቱ ከባሕር ኤል ጋዛል ይሆናል፤ እናቱ ከላይኛው ዓባይ ትሆናለች፤ እርሱ የተወለደው በካርቱም ነው፤ የሚያድገው ግን በባሪዎች ምድር በሎሎጎ ነው። በደም ብቻ ብንቈጥር አገር የለውም፤ በካርታ ብንቈጥር ካርታው በየጊዜው ይለወጥበታል። በሎሎጎ ትምህርት ቤት ገብቶ፥ በሎሎጎ ልጆች ጋር ኳስ ተጫውቶ፥ በወንዙ ዋኝቶ፥ የሰፈሩን መቃብርና ሠርግ ዐውቆ ካደገ ግን፥ ከሃያ ዓመት በኋላ በሩቅ አገር «የት አገር ነህ?» ሲሉት ሎሎጎ ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ የአገር ልጅነት የሚወረስ ብቻ ሳይሆን የሚሠራም ነው ማለት ነው። ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱ፥ ምናልባትም ዋነኛው፥ ትምህርት ቤት ነው።

ይህንንም በምዕራብ ወሰናችን ማየት ይቻላል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች የተፈራረሙት የወሰን ውል በባሮና በአኮቦ ወንዞች ዙሪያ የሚኖሩትን አኙዋኮችንና ኑዌሮችን በሁለት አገር አደረጋቸው። ሆኖም ጋብቻው፥ ለቅሶውና የከብት ግጦሹ ዛሬም ወንዙን ይሻገራል። በጋምቤላ የሚያስተምር መምህር በአንድ ክፍል ውስጥ ከወንዙ ወዲህና ከወንዙ ማዶ የመጡ፥ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆችን ያስተምራል። ለእርሱ ይህ የፖለቲካ ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የወንበርና የደብተር ጥያቄ ነው።

እንግዲህ መምህሩና የትምህርት ሹሙ ምን ያድርጉ? ሦስት ነገር አሳስቤ ንግግሬን እፈጽማለሁ።

የመጀመሪያው ስለ መዝገብ ነው። የተማሪውን አገር ስንጽፍ ከታች እንጀምር። መንደሩን፥ ቀጥሎ የሚታወቅበትን ወንዝ ወይም ተራራ ወይም ደብር፥ ከዚያ በኋላ ቀበሌውንና ወረዳውን፥ በመጨረሻም ዞኑንና ክልሉን እንጻፍ፤ የተጻፈበትንም ዓመት እንጨምርበት። ወሰን የተለወጠ እንደ ሆነ የቀድሞውን አንፋቅ፤ አዲሱን ከሥሩ እንጨምር። የትምህርት ሹማምንትም አንድ ወረዳ ሲከፈል ወይም ከሌላ ሲቀላቀል የሚከፋፈለው ወንበርና ተሽከርካሪ ብቻ እንዳይመስላቸው እለምናለሁ። የተማሪዎች መዝገብ የት እንደሚቀመጥ፥ የፈተና ውጤት ማን እንደሚያረጋግጥ፥ የቀድሞውን ስም የሚመሰክር ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ይህ ካልሆነ፥ ለእኔ እንደ ተነገረኝ ለብዙ ልጆች «እንዲህ የሚባል ቦታ የለም» ይባልባቸዋል።

ሁለተኛው ስለ ካርታ ነው። ካርታ በክፍል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዓመቱ ይነገር። ተማሪው የ1950ዎቹን፥ የ1980ዎቹንና የዛሬውን ካርታ አጠገብ ለአጠገብ ቢመለከት፥ ካርታ በሰው እጅ በሆነ ዘመን ለሆነ ጉዳይ የተሠራ ሥራ እንደ ሆነ ያስተውላል፤ ከሰማይ የወረደ አድርጎ አይገድልበትም፥ አይሞትበትምም። ቀጥሎም ራሱ የመንደሩን ካርታ ይሥራ። ምንጩን፥ ገበያውን፥ መሻገሪያውን፥ የጥንት ዛፉን ያስገባበት። ሽማግሎችን ጠይቆ የየቦታውን ስም ምክንያት ይጻፍ። የጁባ ሽማግሎች የከተማቸው ስም ጁቤክ ከሚባል የባሪ አባት እንደ መጣ ይናገራሉ፤ የእኛም ቦታዎች እያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ታሪክ አላቸው። ሽማግሌው ከሞተ በኋላ የሚጠየቅ ስለሌለ፥ ይህ ሥራ ለሚመጣው ዓመት የሚተው አይደለም።

ሦስተኛው ስለ ቃል ነው። በክፍላችን ውስጥ «ባለ አገር» እና «መጤ» የሚሉት ቃላት ሲሰሙ መምህሩ ዝም አይበል። ዝምታ ማጽደቅ ነው። ልጁን በመቅጣት ሳይሆን በመጠየቅ ያስተምረው፦ «አያትህ ወደዚህ መንደር የመጡት ከየት ነው?» በብዙ ቤት መልሱ ከሌላ ቦታ የሚል ይሆናል። ይህን የተረዳ ልጅ አገሩን መውደዱን አይተውም፤ ወዳጅነቱን ግን ለሌላው በር መዝጊያ አያደርገውም።

ክቡራን መምህራን፤ ወሰንን የሚያወጡት መንግሥታት ናቸው፤ ሥልጣኑም የእነርሱ ነው። እኛ መሥመሩን የማስመርም የመፋቅም ሥልጣን የለንም። ነገር ግን መሥመሩ በወዲህና በወዲያ ያሉት ልጆች እርስ በርሳቸው ምን ተባብለው እንደሚጠራሩ በመጀመሪያ የሚሰማው መምህር ነው። የሎሎጎው ልጅ በመጪው ዘመን የግዛቱ ስም ዳግመኛ ይለወጥበት ይሆናል፤ ማን ያውቃል። መምህሩ መንደሩን በትክክል ጽፎለት፥ ወንዙ የሁለቱም ዳር መሆኑን አስተምሮት እንደ ሆነ ግን፥ በማንኛውም ስም ሥር ቤቱን አያጣም።

መስከረም በመጣ ቍጥር ያቺን መስመር ስንጽፍ ይህን እናስብ።